ከሽፍታ ጋር አንድ ዓመት

ሐምሌ 29 ቀን 2017

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ማራኪ ናት። «ሐኪሙ ክረምቱን የስፌት መኪና ላይ አይጎንበሱ ብሎዎታል፤ እጅዎ ሥራ ሲፈታ ደግሞ እኔን ነው የሚነተርኩኝ። ስለዚህ ይጻፉ» አለች። ምን ልጻፍ አልኳት። «የዋለውን» አለች።

እንግዲህ የዋለው ይኸው። ደግፌ እባላለሁ። ቀራንዮ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሥራውን ከያዝኩ አርባ አንድ ዓመቴ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። የምስክር ወረቀቴ ሳሎን ከካሳነሽ ፎቶግራፍ ጎን ተሰቅሏል። ካሳነሽ ሚስቴ ነበረች። ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ማራኪ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ የተከራየችውን ቤት ትታ ከእኔ ጋር ገባች። እኔ ግቢ አላልኳትም። አትግቢም አላልኩም።

የትኛው ሀ የት እንደሚገባ አልጠየቅ። ማንበብ ግን እችላለሁ። ማንም እንዲያነብልኝ አልፈልግም።

አንገቴን ዛሬም በላኝ። ማራኪ ቅባት ቀባችኝ። እንደ ሕፃን።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ዝናብ።

የማራኪን ሥራ ልጻፍ። ኮምፒዩተር ታቅፋ ትቀመጥና ለሴቶች ትጽፋለች። ብሎግ ይሉታል። መጀመሪያ ብሎኬት መስሎኝ ይህን ክንድ ይዛ እንዴት ትችለዋለች ብዬ ደንግጬ ነበር። የምትጽፈው ስለ ፀጉር ነው፣ ስለ ፊት፣ ስለ ልጅ ምሳ ዕቃ፣ ባል ሲያኮርፍ ምን እንደሚደረግ። ሃያ ሺህ ሴት ያነባታል አለች። ሃያ ሺህ ሴት ፊቷን መታጠብ የሚነግራት ሰው ካጣች አገር አለቀ አልኳት። ሳቀች። እሷን ማናደድ ከባድ ነው፤ በእናቷ ወጥታለች።

ዓመቱ ሊያልቅ ስለሆነ የዓመቱን ጽሑፍ ሁሉ መለስ ብላ አይታ ለእንቁጣጣሽ አንድ ትልቅ ነገር ልታወጣ ነው። ርዕሶቹን በወረቀት አሳትማ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ሃምሳ ሁለት ናቸው።

«አባባ፣ እርስዎም የወደዱትን ምልክት ያድርጉበት።»

«አየዋለሁ።»

«ላንብብልዎት?»

«ዓይን አለኝ።»

ነሐሴ 4

በቀን አስር አስር አነባለሁ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። «ከወሊድ በኋላ ፀጉር ሲነቀል።» ይህን አለፍኩት። «ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ እንዲመለስ።» ደህና ነው። «አማት ሳትነግር ስትመጣ።» ይህ የጎረቤታችን የእትዬ ወለተጻድቅ አፍ ነው፤ እሳቸው ያስተማሯት እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር አውርተዋል። «ከአሮጌ ነጠላ መጋረጃ።» የልብስ ሰፊ ልጅ ሆና እኔን ሳትጠይቅ ስለ ስፌት መጻፏ ገረመኝ። ምልክት አላደረግኩም።

ለማራኪ አልነገርኳትም እንጂ ማንበቡን ወድጄዋለሁ።

ነሐሴ 6

ሠላሳ ሰባተኛው።

«ከሽፍታ ጋር አንድ ዓመት፤ የአባቴ ነገር።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሽ። ፍ። ታ። መነጽሬን ወልውዬ አነበብኩት። ያው ነው።

ነሐሴ 7

የአባቴን ሁለት በሬዎች የነዳ ሽፍታ ነው። በአስራ አምስት ዓመቴ አገሬን ለቅቄ አዲስ አበባ የገባሁት በዚያ ምክንያት ነው። ማራኪ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰምታለች። ይህን እያወቀች።

ማንን ዘረፍኩ? የማንን ጨርቅ አስቀረሁ? ቁራጯን ሳይቀር በከረጢት አድርጌ ነው የምመልሰው።

ጠዋት ቁርስ ስታቀርብ ጀመርኩ። «የቤቴን ጉዳይ ለሃያ ሺህ ሰው የምታወጪው ማን ፈቀደልሽ?»

«የቱን ነው አባባ?»

«የቱን እንደሆነ ታውቂያለሽ።» ቃሏን በአፌ ላወጣት አልፈለግኩም።

ግድግዳውን አየች፤ እኔን አየች። «ስለ እርስዎ የጻፍኩትን ነው? እሱን እኮ በፍቅር ነው የጻፍኩት። ሐኪም ቤት ለመውሰድ ስንት እንደታገልኩ ነው። ስንቱ አባቱን ይዞ ሄደ መሰልዎት፣ እሱን አንብቦ።»

ጭራሽ ሐኪም ቤት። እብድ ሽፍታ አደረገችኝ።

«ወይ ያንን ገጽሽን፣ ወይ እኔን» አልኳት።

 «እሺ አባባ» አለች። ወረቀቱን ከግድግዳው አላነሳችውም። እኔም አላነሳሁትም።

አንገቴን እስኪደማ አከክሁት።

ነሐሴ 9

ማራኪ ሳንሱሲ ሰፈር ጓደኛዋ ፀሎት ዘንድ ሄደች። «ትንሽ ቀን ልረፍ» አለች። አንድ ሻንጣ ብቻ ነው የያዘችው። በር ላይ ቆማ፦

«ቅባቱ መስኮቱ ላይ ነው። ጠዋትና ማታ። ሲቀቡ አንገትጌውን ዝቅ ያድርጉት።»

እኔ ለአንገትጌ ትምህርት አያስፈልገኝም አልኳት። ጃንጥላ ይዛ እንደሆነ አላየሁም። ቆይቶ ሳይ ጃንጥላው ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል።

ነሐሴ 12

ዝናብ። ሽሮ። ዝም።

በየቀኑ ምሳ ሰዓት ትደውላለች።

«ተቀቡ?»

«ተቀባሁ።»

«እውነት?»

«ቻው።»

አልተቀባሁም።

ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። እትዬ ወለተጻድቅ በሳህን ዶሮ ይዘው መጡ። ሳይቀመጡ ጀመሩ። ዕድሜያቸው ከእኔ ከፍ ይላል፤ አንተ ይሉኛል።

«አንተ ደግፌ፣ ልጅቱን ምን አደረግካት?»

«ምን ሆነች?»

«ገጿን ዘጋችው። ሶፊ ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። ለጊዜው አርፏል ይላል፣ እንደ ሞተ ሰው።» ሶፊ የልጅ ልጃቸው ናት።

«ራሷ እሺ ብላ ነው።»

«እሺ ብላ» አሉ እትዬ። «ካሳነሽም ሠላሳ ስምንት ዓመት እሺ ስትልህ ኖራ ነው የሞተችው። አንተ እሺ ማለትና ደስ መሰኘት አንድ ይመስልሃል። ለሰው ሁሉ ልብስ ስታሰፋለት ኖረህ ያንተ ሆድ እንዲህ ይጥበብ?»

«ዶሮው ይቀዘቅዛል፣ ይቀመጡ እትዬ።»

«ለብቻህ ብላው» ብለው ሄዱ።

አሸንፌያለሁ ማለት ነው። ገጹ ተዘጋ። የፈለግኩት ይህን ነበር።

ዶሮውን አልጨረስኩትም።

ነሐሴ 18

ካሳነሽን አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ብያት አላውቅም። አንድ ጊዜ ሻይ አፍልቼላት ነበር። ገብቷታል ብዬ ነው የኖርኩት። ገብቷት እንደሆነ የምጠይቀው ሰው የለም።

ነሐሴ 19

ወረቀቱን ከግድግዳው አንስቼ ልቀደው ነበር። የቀሩትን ሳላነብ አልቀድም ብዬ ተቀመጥኩ። አርባ አራተኛው «እማዬ ዝም ስትል» ይላል።

አልቀደድኩትም። መሳቢያ ውስጥ ከሜትሬ ጋር አኖርኩት።

ነሐሴ 22

«ተቀቡ?» አለች።

«ተቀባሁ።»

ዛሬ እውነቴን ነው። ከሄደች ወዲያ ሲብስብኝ ጊዜ ጠዋትና ማታ ጀመርኩ። ቱቦው ሊያልቅ ነው። እሱን አልነገርኳትም፤ ይዛ ብትመጣ የጠራኋት ይመስላል።

ነሐሴ 24

 

ባዶውን ቱቦ ይዤ በታክሲ ጦር ኃይሎች ወረድኩ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሻሽ ያሰረች ደልደል ያለች ሴት አለች። ባለ ተራው ዊዳድ ሲላት ሰማሁ።

«እንዲህ ያለ ስጪኝ።»

ቱቦውን አገላብጣ አየችው። «ለሽፍታ ነው አባባ?»

«ምን አልሽ?»

«ለሽፍታ። አንገትዎ ላይ ሽፍ ላለው።»

እንዴት አድርጋ እንዳለችው እዚህ ልጽፈው አልቻልኩም፤ ስጽፈው ያው ሆኖ ይወጣል። ፍ ላይ ተጫነችው። እኔ ስንት ዘመን በአፌ የማውቀው ቃል ነው። ማራኪን ልጅ ሳለች ኩፍኝ ሲይዛት ሽፍታ ወጣባት ብዬ የሮጥኩት እኔ ነኝ።

ወንበር ሰጡኝ።

«ይህ ቃል እንዴት ይጻፋል?» አልኳት። ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ሽ ፍ ታ።

«ጫካ የሚገባውስ?»

«እሱም ያው ነው» አለች እየሳቀች።

«ታዲያ በምን ይለያል?»

«አንዱ ጠብቆ ይነበባል፣ አንዱ ላልቶ። ወረቀቱ አይነግርዎትም፤ ከጎኑ ያለውን አይተው ነው።» ቅባቱን እየጠቀለለች ቀጠለች። «አንዲት ልጅ ስለዚሁ ስለ አባቷ ሽፍታ ብሎግ ላይ ጽፋ ስንት ሰው አባቱን እየጎተተ እኛ ጋ መጣ። እኔም የራሴን አባት ይዤ የሄድኩት በእሷ ነው። አሁን ዘጋችው። ምን ነክቷት ይሆን?»

«አላውቅም» አልኳት።

የመኪናዬ ክር ማጥበቂያ ቡሎን ሩብ ዙር ሲላላ ስፌቱ ይንዘላዘላል፣ ሲጠብቅ ጨርቁ ይሸበሸባል። አርባ አንድ ዓመት በጆሮዬ ነው የማውቀው። ቃልም እንደ ክር እንደሆነ መሠረተ ትምህርት ላይ ነግረውን ይሆናል። ያን ቀን ቀርቼ ይሆናል።

ነሐሴ 27

ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሄድኩ። እሱን ማረኝ ማለት ቀላል ነው፤ ፊቱን አያዞርም፣ ለምን አልጠየቅከኝም አይልም።

ምሳ ሰዓት ደወለች። ልናገር ብዬ «ማራኪ» አልኳት።

«አቤት አባባ።»

«ዝናቡ እንዴት ነው እዚያ?»

ነሐሴ 29

እትዬ ወለተጻድቅ ቤት ሄድኩ። እሳቸው አልነበሩም፤ ሶፊ ነበረች። የማራኪ ጽሑፎች ስልኳ ላይ የተቀመጡ እንዳሏት ጠየቅኳት። ገጹ ሳይዘጋ ያስቀመጠቻቸው አሏት። ስልኩን ሰጠችኝ። ፊደሉ እንደ ጤፍ ነው። ይዤው ቆየሁ።

«አንብቢልኝ» አልኳት።

ይህን ቃል ከአፌ ማንም ሰምቶት አያውቅም። ሶፊ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ «እሺ ጋሼ» ብላ ጀመረች።

ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። የያዝኩትን ያህል እዚህ ልገልብጠው፦ «አባቴ የስንቱን ሰው አንገት ለክተዋል፤ የራሳቸውን አንገት ግን ለማንም አያሳዩም። አንድ ዓመት ሙሉ ብርድ ነው፣ ሳሙና ነው፣ አንገትጌው ነው እያሉ ደበቁኝ። አሁን ስቀባቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። መጀመሪያ ያፈሩ መስሎኝ ነበር። ለካ እማዬ ነበረች ፀጉር ስትቆርጣቸው አንገታቸውን የምትጠርግላቸው።»

ሶፊ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ውኃ ላምጣ?»

«ያንን የመጋረጃውን አንብቢ» አልኳት።

የመጋረጃውን አነበበች። «ጠርዙን አንድ ጣት አጥፋችሁ ቀምቅሙት» ይላል።

አንድ ጣት! የነጠላ ጠርዝ በአንድ ጣት ተቀምቅሞ በመጀመሪያው አጠባ ይተረተራል። ሁለት ጣት ነው፣ ያውም ተደርቦ። ሃያ ሺህ ሴት።

ጳጉሜን 1

የካሳነሽን አሮጌ ነጠላ ከሣጥን አወጣሁ። መኪናዬን ገለጥኩት። ሐኪሙ አያየኝም።

ጳጉሜን 2

ጨረስኩ። ጥለቱን ከታች አደረግኩት፣ ብርሃን ሲመታው እንዲታይ። ወገቤ ተሰብሯል።

ጳጉሜን 3

የሩፋኤል ቀን። ሳንሱሲ ስደርስ ዝናቡ ወረደ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ብዬ ጃንጥላዋን አልዘረጋሁም፤ ለእሷ ይዤላት ነው የሄድኩት። ፀሎት በሩን ከፍታ እኔን ስታይ ምንም ሳትል ማራኪን ጠራች።

«አባባ! በዚህ ዝናብ?»

«የሩፋኤል ነው። ለአንገት ይሆናል።»

በረንዳው ላይ አስቀመጠችኝ። በፎጣ አንገቴን ጠረገች። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ አስታውሼ ገለጥኩት።

«የጻፍሽው ስህተት አለው» አልኳት።

አቀረቀረች። «አውቃለሁ አባባ፣ ዘግቼዋለሁ እኮ።»

«መጋረጃውን ነው የምልሽ። አንድ ጣት ብለሻል። ሁለት ነው፣ ተደርቦ። ይኸው።» ከፌስታል አውጥቼ ሰጠኋት። «የሰው መጋረጃ ሊተረተር ነው። ክፈቺውና አርሚው።»

ነጠላውን አወቀችው። ጠርዙን በጣቷ ለካችው። «ክፈቺው?»

«ሳይከፈት እንዴት ይታረማል?»

አየችኝ። እንደ እናቷ ነው የምታየው፤ እስክናገር ድረስ ነው። ነገርኳት። ሠላሳ ሰባተኛውን፣ የአባቴን በሬዎች፣ የመድኃኒት ቤቷን ሴት። በሬዎቹ ጋ ስደርስ አፏን በነጠላው ያዘች። መድኃኒት ቤት ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፀሎት ደንግጣ ወጣች።

«ፀሎት፣ አባባ ሽፍታ ናቸው» አለቻት።

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?» አለች በኋላ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«ማንበብ እችላለሁ ብዬ።»

ከዚያ አልሳቀችም። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ማለቴን አለማለቴን እርግጠኛ አይደለሁም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይጮህ ነበር። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ታውቆኛል።

«ሰማሁ አባባ» አለች።

ጳጉሜን 5

ቤቷ ናት። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ግድግዳው ላይ መለስኩት። ምልክት አድርጌያለሁ፦ የምሳ ዕቃው፣ የእትዬ ወለተጻድቅ የአማት፣ ሠላሳ ሰባተኛው፣ አርባ አራተኛው። የመጋረጃው ከታረመ በኋላ።

እትዬ መጥተው መጋረጃውን አዩ። «ማን ሰፋው?» አሉ። ማራኪ «አባባ» አለች። ጨርቁን ገልብጠው ጀርባውን አዩት፤ የሚያውቅ ሰው ጀርባውን ነው የሚያየው። «እንግዲህ ዶሮውን ልጨምርልህ» አሉ።

መስከረም 1 ቀን 2018

እንኳን አደረሰን።

የዓመቱን ጽሑፍ ጠዋት አወጣችው። ለእኔ በትልልቅ ፊደል አሳትማ ሰጠችኝና ወጥ ልታማስል ገባች። በመስኮቱ በኩል፣ በካሳነሽ መጋረጃ ሥር ተቀምጬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ስለ ሴቶቹ ነው፤ ምን እንደጻፉላት፣ ማን እንደወለደች፣ ማን ፀጉሯ እንደበቀለ፣ ማን አባቷን ሐኪም ቤት እንደወሰደች። መጋረጃው ታርሟል። «እርማቱ የአባቴ ነው» ይላል።

መጨረሻው መስመር ላይ ብቻውን የተቀመጠ አለ።

«አባቴ ሰፊ ናቸው።»

አላልቼ አነበብኩት። ልብስ ሰፊ። እውነት ነው፣ አርባ አንድ ዓመት። ቀጥሎ አጠበቅኩት። ሆደ ሰፊ። እትዬ ወለተጻድቅ ቢሰሙ ይስቃሉ ብዬ መልሼ አላላሁት። ከጎኑ ያለውን አየሁ። ከጎኑ ምንም የለም።

«ማራኪ» ብዬ ተጣራሁ። «ይህ የመጨረሻው ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

ጭልፋዋን እንደያዘች መጣች። በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ላንብብልዎት?»

«አንብቢልኝ።»

አነበበችልኝ።

ደግመሽ አንብቢው አልኳት።